ትንሿን የውድድር ድሮን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሳታችሁ በፊት

የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጹትን ድሮኖች አብርራችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ያንን ልምድ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። እነዚያ እጃችሁን ከሪሞቱ ላይ ስታነሱ ባሉበት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ጂፒኤስ አላቸው፣ መሬቱን የሚያይ ካሜራ አላቸው፣ ግንኙነት ቢቋረጥ ራሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ። የውድድር ድሮን ይሄ ሁሉ የላትም። የምታበሯትም ካሜራዋ የሚልከውን ቪዲዮ በመነጽር ውስጥ እያያችሁ ነው። አክሮ በሚባለው ሞድ ላይ ስቲኩን ወደ ጎን ገፍታችሁ ብትለቁት እንዳዘነበለች ትከንፋለች፣ ትሮትሉን (የሞተሮቹን ጉልበት የሚጨምርና የሚቀንሰውን ስቲክ) ብታወርዱት ዱብ ትላለች፣ ግድግዳ ከፊቷ ቢመጣም አይታ አትቆምም። የሚያስደስተውም ይሄው ነው።

ስለዚህ ከማብረሩ በፊት ከማጥፋቱ ልጀምር። ሪሞቱ ላይ ሞተሮቹን የሚያስነሳና የሚያጠፋ አንድ ስዊች አለ። ሲያስነሳ አርም፣ ሲያጠፋ ዲስአርም ይሉታል። ጣታችሁ ይህን ስዊች ዓይናችሁ ሳያይ፣ በድንጋጤ ውስጥም ቢሆን ማግኘት አለበት። ድሮኗ መጋረጃ ውስጥ ስትገባ ጀማሪ በደመ ነፍስ የሚያደርገው ትሮትል መጨመር ነው፤ ፕሮፔለሩ ተይዞ ሞተሩ ለመዞር ሲታገል ደግሞ ወይ ሞተሩ ወይ ቦርዱ ይቃጠላል። ወደቀች? ዲስአርም። ቪዲዮው ጠፋ? ዲስአርም። ልጅ ከጓዳ ሮጦ ወጣ? ዲስአርም። ብትወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ፕሮፔለር ነው፣ እሱም ርካሽ ነው። ድሮኗ ሳትኖር ሪሞቱን ብቻ ይዛችሁ ሶፋ ላይ ተለማመዱት። ሰው ቢስቅ ይሳቅ።

የትኛዋን ልግዛ ለምትሉ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ትንሿን። ቲኒ ሁፕ የምትባለዋን ማለቴ ነው፤ ከሞተር እስከ ሞተር በሰያፍ ሲለካ 65 ወይም 75 ሚሊሜትር፣ ፕሮፔለሮቿ ዙሪያቸውን በፕላስቲክ ቀለበት የታጠሩ፣ በአንድ ሴል ባትሪ የምትሠራ። ባትሪዋን ጨምሮ 30 ግራም አካባቢ ነው የምትመዝነው። ዩቲዩብ ላይ የምታዩዋት ባለ 5 ኢንች ግን ከነባትሪዋ 700 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ብዙ ጭንቅ ትሄዳለች፣ ፕሮፔለሯም ጣት ይቆርጣል። ቀልድ አይደለም። በሷ መጀመር የሚፈልግ አለ፣ ይችላልም፣ እኔ ግን አልመክርም።

እዚህ ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ከሬገን ኤርፖርት ዙሪያ 15 ማይል ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ማንኛውንም ድሮን ከቤት ውጭ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ብዙዎቻችን ያለንበት ሰፈር ሁሉ እዚያ ክብ ውስጥ ነው። 30 ግራም ብቻ ናት ብሎ መከራከር አይሠራም፣ የራሴ ጓሮ ነው ማለትም አይሠራም። የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ሕግ ግን ሳሎናችሁ ውስጥ አይገባም። ቤት ውስጥ የምትበር ትንሽ ድሮን ለዚህ ሰፈር ሰው አንደኛ ምርጫ የምትሆነው ለዚህ ነው።

ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ከ400 ጫማ በታች፣ በጠራ አየር፣ ድሮኗ ከዓይን ሳትርቅ ማብረር ይቻላል። ከዚያም ውጪ ቢሆን ከመውጣታችሁ በፊት ቢፎርዩፍላይ በሚባለው አገልግሎት የቦታውን ካርታ እዩ። ለመዝናናት የሚያበርር ሰው ሁሉ ትረስት የተባለውን ፈተና መውሰድ አለበት፤ ኦንላይን ነው፣ ነጻ ነው፣ አይከብድም፣ ሲያልቅ የሚሰጣችሁን ወረቀት አስቀምጡት። ድሮኗ 250 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች ምዝገባ አለ፣ 5 ዶላር ለ3 ዓመት፣ ከዚያ የድሮኗን ማንነትና ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቅ ሪሞት አይዲ የሚባለው መሣሪያም ይጨመራል። መነጽር አድርጋችሁ ስታበሩ ደግሞ አጠገባችሁ ቆሞ ድሮኗን በዓይኑ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ይሄ ሕግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ መነጽሩ ውስጥ ሆናችሁ ከኋላችሁ የመጣውን ውሻ አታዩትም። የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ቦታዎች ከ2014 ጀምሮ ዝግ ናቸው፣ እነሱን እርሱት።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ ይዤ ልሂድ ብላችሁ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ የመጣ ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ እንደሚያዝ እወቁ። ለወንድሜ ስጦታ ነው ማለት አያድንም።

መጀመሪያ ሪሞት፣ ከዚያ ሲሙሌተር

ገንዘባችሁ በአንድ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ ሪሞቱን ብቻ ቀድማችሁ ግዙ። ደህና ሪሞት ብዙ ድሮኖች ይቀያየሩበታል፣ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና ሲሙሌተር (ስክሪን ላይ የማብረር መለማመጃ) ያጫውታል። ኤክስፕረስኤልአርኤስ የሚባለውን የሬዲዮ ዓይነት የያዘ ብትመርጡ አሁን አብዛኞቹ ትናንሽ ድሮኖች ከሱ ጋር ይሠራሉ። ግን ድሮኗ ስትገዛ የተገጠመላት ሪሲቨር (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ክፍል) ያው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፣ ካልሆነ ሁለቱ አይገናኙም።

ሲሙሌተር ላይ ሊፍትኦፍም ቬሎሲድሮንም ይሆናል። በጌም ኮንትሮለር ሳይሆን በራሳችሁ ሪሞት ተጫወቱ፣ ጣት ነው የሚማረው። ደጋግሞ መከስከስ ያለ ነው፣ እዚያ ፕሮፔለር አይገዛም። መጀመሪያ በአንድ ከፍታ ላይ መቆየት፣ ከዚያ አንድ ዛፍ መዞር፣ ከዚያ በሁለት ዛፎች መካከል ስምንት ቁጥር መሥራት። ስምንት ቁጥሩ ወሳኙ ነው፤ ወደ ቀኝ ብቻ መታጠፍ የለመደ ሰው ወደ ግራ ሲሆን ይጠፋዋል። 10 ሰዓት ያህል ከተለማመዳችሁ በኋላ ወደ እውነተኛዋ ብትሄዱ ወጪውም ንዴቱም ይቀንሳል።

ጠረጴዛው ላይ

ተሠርታ የመጣች ብትሆንም ዝም ብላችሁ አታስነሷት። ፕሮፔለሮቹን ንቀሉ። ደግሜ ልበለው፣ ጠረጴዛ ላይ ስትነካኩ ፕሮፔለር አይኖርም። ከዚያ በዩኤስቢ አገናኝታችሁ ቤታፍላይት የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። ድሮኗን በእጃችሁ ስታዘነብሉ ስክሪኑ ላይ ያለችው ምስል በዚያው አቅጣጫ ታዘነብላለች? ሪሲቨር በሚለው ገጽ ላይ ስቲኮቹን ስታንቀሳቅሱ ትክክለኛው መስመር ነው የሚንቀሳቀሰው? መሐል ላይ 1500፣ ዳርና ዳር 1000 እና 2000 አካባቢ መድረስ አለበት። ሞድስ በሚለው ገጽ ላይ አርም ለብቻው አንድ ስዊች ላይ መሆኑን፣ አንግል የሚባለው ሞድ ሌላ ስዊች ላይ መሆኑን እዩ። አንግል ስቲኩን ስትለቁ ድሮኗን ራሷን ቀጥ ያደርጋታል፣ ከፍታውን ግን አይጠብቅላችሁም፣ እሱ የእናንተ ሥራ ነው።

የቀሩትን ሴቲንጎች አትንኩ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ጎበዝ አብራሪ የለጠፈውን ቁጥር ሁሉ እየገለበጡ ማስገባት ጀማሪ የሚወደው ነገር ነው፣ በኋላ ግን ችግሩ ከእጃችሁ ይሁን ከቁጥሩ መለየት ያቅታችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን አንድ ሙከራ አድርጉ። ፕሮፔለር ሳይኖር፣ ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ፣ ባትሪ ሰክታችሁ፣ አርም አድርጉ። ሞተሮቹ እየዞሩ ሪሞቱን አጥፉት። ከአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ በኋላ ሞተሮቹ መቆም አለባቸው። ካልቆሙ ድሮኗ ከሪሞቱ ስትርቅ ማንም ሳያዛት ትሄዳለች ማለት ነው፣ ስለዚህ ቤታፍላይት ውስጥ ፌይልሴፍ የሚለው ገጽ ላይ ድሮፕ (ግንኙነት ሲቋረጥ ሞተሮቹን የሚያጠፋው) መመረጡን ሳታረጋግጡ አታብሩ። በዚህ ሙከራ ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፤ ፕሮፔለር ሳይኖር ሞተሮቹ ትሮትል ሳትነኩ እየጮሁ ፍጥነት ሊጨምሩ ይችላሉ። ብልሽት አይደለም። ቦርዱ ድሮኗን ለማስተካከል ይሞክራል፣ ድሮኗ ግን አየር ስለማትገፋ አትንቀሳቀስም፣ እሱም ይበልጥ ይጨምራል።

ፕሮፔለር ስትመልሱ አቅጣጫ አለው። ሁለቱ በሰዓት አቅጣጫ፣ ሁለቱ በተቃራኒው ይዞራሉ፤ በሰያፍ ፊት ለፊት ያሉት አንድ ዓይነት ናቸው። ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ቀላሉ መንገድ ነው። ስትነሳ ወዲያው ግልብጥ የምትል ድሮን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቷ አንዱ ፕሮፔለር ያለቦታው መግባቱ ነው።

ትልቋን ገዝታችሁ ወይም ራሳችሁ በካውያ በይዳችሁ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ባትሪ በስሞክ ስቶፐር በኩል ስኩ። ሾርት ካለ ኤሌክትሪኩን ይገድብና ቦርዱን ያተርፋል፣ ዋጋው ከአንድ ቦርድ ጋር አይወዳደርም።

ባትሪ

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ ቤት የሚያቃጥለው ድሮኗ ሳትሆን ባትሪው ነው። ሊፖ የሚባለው ተራው የድሮን ባትሪ ሲሞላ በአንድ ሴል 4.2 ቮልት ነው፣ ለትናንሾቹ የሚሸጠው ኤችቪ የሚባለው ደግሞ 4.35 ቮልት። ቻርጀራችሁ ሁለት ምርጫ ካለው ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ምረጡ፤ ተራውን በ4.35 መሙላት አደጋ ነው። ስታበሩ መነጽሩ ላይ ያለውን ቁጥር ተከታተሉ፣ 3.5 አካባቢ ሲደርስ አሳርፉ፣ ከ3.3 በታች እየወረደ ማብረር ባትሪውን ይገድለዋል። አንድ ባትሪ ለትንሿ 3 ወይም 4 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ አራት አምስት ባትሪ ካልያዛችሁ ሙዱ ሳይመጣ ያልቃል።

ቻርጅ ሲደረግ ትታችሁ አትተኙ፣ አልጋና ሶፋ ላይም አታስቀምጡ። ያበጠ ባትሪ ዳግም አይሞላም፣ በቃ። በአውሮፕላን ስትጓዙ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም።

ማስነሳት

ሳሎኑን አዘጋጁ። ረከቦቱንና ሲኒዎቹን አንሱ፣ ፋን አጥፉ፣ መጋረጃውን ጠቅልሉ። ረጅም ፀጉርና የነጠላ ጥለት ትንሿ ፕሮፔለር በጣም የምትወዳቸው ነገሮች ናቸው። የካሜራው አንግል ከፍ ያለ ከሆነ ወደ 10 ወይም 15 ዲግሪ አውርዱት፤ ካሜራው ወደ ላይ ባየ ቁጥር ፊት ለፊት ለማየት ድሮኗን ይበልጥ ማዘንበል ይጠበቅባችኋል፣ ማዘንበል ደግሞ ፍጥነት ነው።

የቪዲዮው አንቴና መግጠሙን ሳታዩ ባትሪ አትሰኩ፣ ያለ አንቴና የሚሠራ የቪዲዮ ማስተላለፊያ ሊቃጠል ይችላል። ከተሰካ በኋላም አየር ሳያገኝ ብዙ ከተቀመጠ ይግላል፣ ስለዚህ ወሬው ከመሰካቱ በፊት ይለቅ። ጓደኛችሁም እያበረረ ከሆነ ቻናል ተነጋገሩ፤ በሱ ቻናል ላይ የናንተን ብታበሩ መነጽሩ ውስጥ የራሱን ቪዲዮ ያጣል፣ ድሮኗም የሆነ ግድግዳ ላይ ታርፋለች።

ሪሞቱ መጀመሪያ ይበራል፣ ከዚያ ድሮኗ። ስትጨርሱ በተቃራኒው፣ የድሮኗ ባትሪ ይነቀልና ከዚያ ሪሞቱ ይጠፋል። መሬት ላይ አስቀምጧት፣ ከኋላዋ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ አንግል ሞድ ላይ መሆኗን እዩ፣ ትሮትሉ ዜሮ ላይ ይሁን፣ አርም። ከዚያ ሳትፈሩ እስከ አንድ ሜትር ከፍ አድርጓት። ጀማሪ ከወለሉ ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ሊያቆያት ይሞክራል፣ እዚያ ግን የራሷ ንፋስ ከወለሉ እየተመለሰ ያወዛውዛታል፣ ከፍ ስትል ትረጋለች። የመጀመሪያውን ባትሪ በመነሳት፣ በመቆየትና በማረፍ ብቻ ጨርሱት። ሁለተኛው ላይ ወንበር ዙሩ።

ተገልብጣ ከወደቀች ዲስአርም አድርጉ፣ ከዚያ ተርትል ሞድ ካላት በሱ ገልብጧት፣ ከሌላት ሄዳችሁ አንሷት። ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር ሞተሮቹን በጣት ንኩ፤ ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ ብቻውን የሚያቃጥል ከሆነ ሥሩን እዩ፣ የምንጣፍ ክር ወይም ፀጉር ተጠምጥሞበት ይሆናል፣ በወረንጦ ይወጣል። ማታ ሲሆን ያላበረራችኋቸው ሙሉ ባትሪዎች ካሉ ቻርጀሩ ስቶሬጅ በሚለው በኩል ወደ 3.8 ቮልት አውርዱ፣ ባዶ የሆኑትንም ወደዚያው አምጧቸው። ለሳምንታት ሞልቶ የተቀመጠ ሊፖ በሚቀጥለው ጊዜ አብጦ ነው የሚጠብቃችሁ።