የጅብ ጥላውን ገልብጡት፣ ቀለሙ ይቆይ

ሐምሌ ላይ፣ ደህና ዝናብ በጣለ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ አንድ የኦክ ጫካ ግቡና መሬት መሬቱን እያያችሁ ሂዱ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊም ሳይቀር ታገኛላችሁ። አገር ቤት «የጅብ ጥላ» ብለን በእግራችን መትተን የምናልፈውን እንጉዳይ እዚህ ሰው ቅርጫት ይዞ ይፈልገዋል።

እኔ ስጀምር በቀለም ነበር የምለየው። ቀይ ሁሉ መርዝ፣ ነጭ ሁሉ ደህና ይመስለኝ ነበር። እዚህ ጫካ ውስጥ ካሉት ገዳዮች ዋነኛው ግን ከላይ እስከ ታች ንጹህ ነጭ ነው፤ «አጥፊው መልአክ» ይሉታል። በካርቱን የምናውቀው ባለ ነጠብጣቡ ቀይ እንጉዳይ ደግሞ በዚህ አካባቢ በብዛት ቢጫ ሆኖ ነው የሚበቅለው፣ ነጠብጣቡንም ዝናብ ያጥበዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥሩን እዩ። ጎትታችሁ አትንቀሉት፣ ይበጠስና ዋናው ምልክት አፈር ውስጥ ይቀራል። በቢላ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነሥሩ አውጡት (መንካት አይመርዝም፣ አትፍሩ)። እግሩ የተሰበረ እንቁላል ቅርፊት የመሰለ ከረጢት ውስጥ ከቆመ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ እኔ እዚያው ጥዬው ነው የምሄደው።

ቀጥሎ ገልብጡት። ሰው ሁሉ የሚፈልገው፣ ቻንተረል የሚባለው የሚበላ እንጉዳይ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነው፤ ከጥላው ስር ያለው መስመር እንደ ደም ሥር እየተከፈለ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ በጥፍር ልላጠው ብትሉ እሺ አይልም። ጃክ ኦ ላንተርን የሚባለው መርዛማ አታላይ ግን ከጥላው ስር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ስስ ስስ ነገር አለው፣ አንድ በአንድ ይነጠላል። ቻንተረል ከአፈር ነጠላ ነጠላ ሆኖ ይወጣል፣ ጃክ ከሞተ የኦክ ጉቶ ስር ተቃቅፎ። ጉቶው አፈር ውስጥ ከተቀበረ ግን ከመሬት የበቀለ ይመስላል። እኔ የመጀመሪያ ቀን አንድ ፌስታል ሙሉ ለቅሜ የወጣሁት በዚህ ተሸውጄ ነው። አንድ ሽማግሌ አንዱን ለሁለት ሰንጥቀው ባያሳዩኝ ኖሮ ሌሊቱን ሳስመልስ አድር ነበር። ውስጡ ብርቱካናማ ነበር። የቻንተረል ውስጥ ነጣ ያለ ነው፣ ሲቀድዱት እንደ ተቀቀለ የዶሮ ስጋ በክር በክር ይለያያል።

ሰማያዊው ቀላል ነው። ስትቆርጡት ቀለም እንደፈሰሰበት ብዕር ሰማያዊ ወተት ያንጠባጥባል፣ ቆይቶ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ቀይ ጥላና ነጭ እግር ያለው ሆኖ እግሩ እንደ ጠመኔ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ሩሱላ ከሚባለው የእንጉዳይ ወገን ሊሆን ይችላል፤ ዝርያው ብዙ ስለሆነ እኔ አልበላውም።

ቤት ስትደርሱ ጥላውን ቆርጣችሁ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጡና ብርጭቆ ድፉበት። ጠዋት የጣለውን ዱቄት ቀለም ታያላችሁ። አረንጓዴ ከሆነ መርዝ ነው፣ ይሄኛው ግቢ ሣር ላይ ነው የሚበዛው። የስልክ አፕ ፎቶ አይቶ ስም ቢነግራችሁ ለጨዋታ ይሁን እንጂ ለድስት አይሆንም።

ነጩን «አጥፊው መልአክ» የበላ ሰው ወዲያው አይታመምም። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ የተሻለው ይመስላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። መቀቀልም መጥበስም መርዙን አያጠፋውም። አሜሪካ ያላችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል (Poison Control) በ1-800-222-1222 ደውሉ፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ነፃ ነው። የተረፈውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልላችሁ ሐኪም ቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ በላስቲክ ከሆነ ቶሎ ይበሰብሳል።