ሐዋሳ ላይ የተሞነጫጨረ ግድግዳ እንዲጸዳ ቢሮዎችን እንዴት እንወትውት?

የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት አጥር ላይ «ሽንት ቤት እንመጥጣለን» ተብሎ ከነስልክ ቁጥሩ በጥቁር ስፕሬይ ተጽፏል። አጠገቡ የሁለት ፍቅረኞች ስም አለ። ዝቅ ብሎ «አርሰናል»፣ ከሱ በታች ደግሞ ለልጅ የማይነበብ ስድብ። አምናም ነበር። ቀበሌው ያውቃል፣ ሰፈሩ ያውቃል፣ የሚነካው ግን የለም። ብዙ ጊዜ ነገሩ ክፋት አይደለም፣ ግድግዳውን ማጽዳት የማንም የሥራ ድርሻ ስላልሆነ ነው። እንግዲህ የናንተ ጣጣ እሱን ግድግዳ የአንድ ሰው ሥራ ማድረግ ነው፣ ስሙ ታውቆ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ወረቀት ላይ ሰፍሮ።

መጀመሪያ አንድ ግድግዳ ምረጡ

«ከተማችን ቆሸሸች» ብሎ ቢሮ መግባት ከንቱ ድካም ነው። ኃላፊው «ልክ ነው፣ እኛም ያሳስበናል» ብሎ ሻይ ይጋብዛችሁና ይሸኛችኋል። አንድ ግድግዳ፣ ቢበዛ ሦስት፣ ይዛችሁ ግቡ። ሁለት ሁለት ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ከሩቅ፣ አካባቢው እንዲለይ፣ ሌላው ከቅርብ፣ ጽሑፉ እንዲነበብ። ሐዋሳ ላይ በመንገድ ስም ስለማንግባባ ምልክት ጨምሩ፦ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ ሲወረድ፣ ከአቶቴ ከፍ ብሎ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ። ቀኑንም ጻፉ።

ጽሑፉ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚሰድብ ከሆነ ፎቶውን ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ እንዳትለጥፉት። አንድ ግድግዳ ላይ የነበረውን ስድብ ከተማው ሁሉ ያነበዋል፣ የጻፈውም ደስ ይለዋል። እንዲህ ያለው በቀጥታ ለፖሊስ ወይም ለሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ነው፣ በዚያው ቀን።

ባለቤቱ ማነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የመብራት ምሰሶና ትራንስፎርመር የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የስልክ መስመር ሳጥኑ የኢትዮ ቴሌኮም። የመንግሥት ትምህርት ቤት አጥር በርዕሰ መምህሩ በኩል ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝና ድልድዩ የማዘጋጃ ቤት። የግለሰብ አጥር ከሆነ በሩን አንኳኩ። የኤሌክትሪክን ምሰሶ ለማዘጋጃ ቤት ብታመለክቱ «አይመለከተንም» ይሏችኋል፣ እውነታቸውንም ነው።

ባለቤቱ የሚፈለግበት ሌላም ምክንያት አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሆን ብሎ የሌላን ንብረት ማበላሸትን ያስቀጣል፣ ግን አቤት ባይ ይፈልጋል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን ወይም ባለቤቱን አስፈርሙ። የናንተ ፊርማ የጎረቤት ፊርማ ነው፣ የሱ ግን የተበዳይ።

ስልክ ቁጥሩን የጻፈው ራሱን አጋልጧል

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሌላ ወንጀል የሚሠራ ሰው ይደበቃል፣ ማስታወቂያ የሚለቀልቀው ግን ስልኩን በትልቁ ጽፎ ነው የሚሄደው! ማመልከቻችሁ ላይ ቁጥሮቹን ዘርዝሩ፣ ደንብ አስከባሪዎች ደውለው እንዲጠሩትና በራሱ ወጪ እንዲያጸዳ እንዲያደርጉ ጠይቁ። እናንተ ደውላችሁ አትጣሉ፣ ሥራው የነሱ ነው። የአፍላ ልጆች ሥራ መሆኑን ካወቃችሁ ግን ወደ ፖሊስ ከመሮጥ በፊት ለእናት አባት ንገሩ። ልጁ ብሩሽ ይዞ የጻፈውን ሲያጠፋ ሰፈሩ ቢያየው ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ማመልከቻው

አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ ቀን፣ ቀጥሎ ለማን እንደሆነ፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦» ብላችሁ አንድ መስመር፦ «በ… ትምህርት ቤት አጥር ላይ የተጻፈ ጽሑፍ እንዲጠፋ ስለመጠየቅ»። ውስጡ ሦስት ነገር ይኑር፦ ምን እንዳለ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ፣ እስከ መቼ መልስ እንደምትጠብቁ። ፎቶውን አባሪ አድርጉ። የእድሩ ሊቀመንበር ቢፈርሙ፣ የእድሩም ማህተም ቢያርፍበት፣ ክብደቱ ሌላ ነው። ሲዳሙ አፎ አሳምሮ የሚጽፍ ጎረቤት ካለ በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጁት። ግርጌ ላይ «ግልባጭ» ብላችሁ የበላይ መሥሪያ ቤቱን ጨምሩ። ግልባጭ ያለው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ብዙ አይተኛም።

አሁን ዋናው ነገር። ደብዳቤውን ለኃላፊው በእጁ ሰጥታችሁ እንዳትወጡ። መዝገብ ቤት ሂዱ፣ ገቢ አስደርጉ፣ የእናንተ ቅጂ ላይ ቀኑንና የገቢ ቁጥሩን አስጽፉ፣ ማህተም አስመቱ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «ጋሼ፣ ግዴለም እኔ አደርስልዎታለሁ» ብትል እንኳን፣ «አመሰግናለሁ እህቴ፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፊልኝ» በሏት። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልተጻፈም ማለት ነው። ቁጥር ያለው ግን ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለው።

መቼ?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዕቅዱ ግን ቀደም ብሎ ነው የሚሠራው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ብትገቡ ቀለም መግዣ የምትሆን ነገር ዕቅድ ውስጥ የመግባት ዕድል አላት። ክረምት ላይ ደግሞ የበጎ ፈቃድ ወጣቶች አሉ፣ ቀበሌውም የሚያሠራቸው ሥራ ይፈልጋል። ግድግዳችሁን እዚያ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። ቀለሙ ግን ዝናብ በማይጠበቅበት ቀን ይቀባ፣ አለበለዚያ ታጥቦ ይወርዳል።

ሥራውን አቅልሉላቸው

«ይደረግልን» ብቻ አትበሉ፣ ምን እንደሚያስፈልግ ይዛችሁ ሂዱ። የከሰልና የጠመኔ ጽሑፍ በሳሙናና በብሩሽ ይለቃል። ቆርቆሮ በር ላይ ያለ ስፕሬይ ሳይቆይ በቲነር ሊጠረግ ይችላል፣ መጀመሪያ ግን ጥግ ላይ ሞክሩት፣ የበሩንም ቀለም ይዞ ሊነሳ ይችላል። ድንጋይና ብሎኬት ላይ ቲነር አትድከሙበት፣ ቀለሙን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። እዚያ መቀባት ይሻላል፣ ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ ከሆነ ማርከሩ መልሶ ብቅ ይላል። ጽሑፉን ብቻ ለይቶ መለጠፍም አያምርም፣ ከጥግ እስከ ጥግ ይቀባ። ስንት ካሬ እንደሆነ ለክታችሁ፣ ከቀለም ቤት የዋጋ ማቅረቢያ አያይዙ።

«ነገ ኑ» ሲሏችሁ

ይላሉ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «መስክ ወጥተዋል»። አትቆጡ፣ የሚመለሱበትን ቀን ጠይቃችሁ እዚያው ፊታቸው ጻፉ። ብዙ ቢሮ ደጃፍ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፣ አገልግሎቱ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ይናገራል፤ ፎቶ አንሱትና ስትነጋገሩ እሱን ጥቀሱ። ካለፈ ወደ ቅሬታ ሰሚ፣ ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ከተማ አስተዳደሩ፣ የገቢ ቁጥራችሁን እየያዛችሁ። ስለ ዕቅዱና ስለ በጀቱ መረጃ ከከለከሏችሁ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለላችሁ፦ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የሕዝብ ግንኙነቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መጨረሻ ላይ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ ሐዋሳም ቅርንጫፍ አለው። ለአንድ አጥር እዚያ ድረስ መሄድ ይበዛል፣ ግን እንደምትሄዱ ማወቃቸው አይጎዳም።

ከተቀባ በኋላ

ኒው ዮርኮች የምድር ውስጥ ባቡራቸውን ያጸዱት በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የጸዳ ባቡር እንደገና ከተጻፈበት ሳይጸዳ መንገደኛ እንዳይጭን ወሰኑ፣ በ1989 የመጨረሻውን የተሞነጫጨረ ባቡር ከሥራ አስወጡ። ጻፊው ጽሑፉ የሚታይለት ካልሆነ ይሰለቸዋል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ቀለም ለቀበሌው አትመልሱ። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ የእድሩ ዕቃ ቤት አስቀምጡ፣ የቀለሙን ቁጥር ቆርቆሮው ላይ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ጠዋት አዲስ ጽሑፍ ካያችሁ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ብሩሽ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ።