በቤት የታጠበ መኪና በደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይደርቃል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። መኪናውን በግቢው የሚያጥብ ሰው ሁለቱንም ማሰብ ይኖርበታል። ፀሐዩ ጠብታውን ወዲያው ያተነዋል፤ ይሁን እንጂ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ በውስጡ የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም ቀለሙ ላይ ነጭ ክብ ምልክት ሆኖ ይቀራል። በየስንጥቁ የተደበቀው ውሃ ደግሞ ሌሊት በረዶ ይሠራል። ስለዚህ መኪናን አጥቦ «ነፋሱ ያደርቀዋል» ብሎ መተው በእኛ አገር ትክክል አይደለም።

የሚያጥቡት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጥላ ሥር ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ትልልቅ የማይክሮፋይበር ፎጣዎች፣ ለመስታወት አንድ ትንሽ ፎጣ፣ ለቸርኬ ደግሞ አንድ አሮጌ ጨርቅ አስቀድመው ያዘጋጁ።

የማድረቁ ሥራ የሚጀምረው ከመጨረሻው እጥበት ነው። የውሃውን ጎማ መርጫ ያውልቁና ውሃው ከጣሪያው ጀምሮ በዝግታ እንዲፈስ ያድርጉ፤ በዝግታ የሚፈስ ውሃ ጠብታዎቹን ሰብስቦ ይዟቸው ስለሚወርድ ለፎጣው የሚቀረው ሥራ ይቀንሳል። የቧንቧ ውሃ ከሌለ በጆግ ቀስ አድርጎ ማፍሰስም ይቻላል።

ከዚያም ፎጣውን ጣሪያው ላይ ዘርግተው ሁለቱን ማዕዘኖች ይያዙና ሳይጫኑ ወደራስዎ ይሳቡት። በማክበብ አይፈትጉ፤ ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ማይክሮን የማይበልጥ ስስ ነገር ስለሆነ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በፎጣው ሥር ብትገባ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታይ ጭረት ትተዋለች። በዚሁ ምክንያት መሬት የወደቀ ፎጣ ሳይታጠብ ተመልሶ ቀለም ላይ ማረፍ የለበትም። ከጣሪያው ወደ መስታወቶቹ፣ ከዚያ ወደ ኮፈኑ፣ በመጨረሻም ወደ በሮቹና ወደ ፓራውልቱ ይውረዱ። ሁለተኛው ፎጣ የቀረውን ርጥበት ለመጨረስ ነው።

አሁን በሮቹን ሁሉ ይክፈቱ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው፤ እኔም ዘንግቼው አውቃለሁ። አንድ የኅዳር ምሽት መኪናዬን አጥቤ ላዩን ብቻ አደረቅሁ፤ ጠዋት በሩን ስስበው እምቢ አለ፣ ጠንክሬ ስጎትተው ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የነበረው ጎሚኒ ከላይኛው ማዕዘን በስንዝር ያህል ተቀደደ። ስለዚህ ጎሚኒውንም፣ እሱ የሚያርፍበትን ብረትም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከዚያ የሲሊኮን ቅባት (ማጣበቂያውን ሲሊኮን አይደለም) በስሱ ይቀቡት። ግራሶ ግን ላስቲኩን ስለሚያበላሸው አይጠቀሙ። በበሩ ግርጌ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ከተደፈኑ በቀጭን እንጨት ይክፈቷቸው። ስፖኪዮውን፣ የበር እጀታዎቹን፣ የነዳጅ መሙያውን ክዳንና የሰሌዳውን ጀርባ አይርሱ፤ ደርቋል ያሉት መኪና ሲነዳ የሚያንጠባጥበው ከእነዚህ ነው።

ቀጥሎ ጥቂት መቶ ሜትሮች በዝግታ ነድተው ፍሬኑን ደጋግመው በቀስታ ይርገጡ፤ የሚፈጠረው ሙቀት ያደርቀዋል። ውርጭ በሚጠበቅበት ሌሊት የእጅ ፍሬኑ ርጥብ ሳለ ቢሳብ ሊጣበቅ ስለሚችል፣ መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ በማርሽ አቁመው ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ።

ጣርማ በርን አልፈው ወደ ሸዋ ሮቢት ለወረዱ ሰዎች ውርጩ አያሳስብም፤ በዚያ ያለው ችግር ሙቀቱ ነው። ስለሆነም መኪናውን በሙሉ አጥበው ከመጨረስ ይልቅ አንዱን ጎን አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል። ነጭ ምልክት ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ፣ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጠው በጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ምልክቱ ላይ ያኑሩትና ወዲያው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት።

ፎጣዎቹን ከጥጥ ልብስ ለይተው፣ ማለስለሻ ሳይጨምሩ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይጠቡ፤ ከጥጥ የሚወጣው ብናኝ በማይክሮፋይበሩ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ማለስለሻውም ውሃ የመምጠጥ አቅሙን ይቀንሰዋል። ሲደርቁ የበጋው አቧራ እንዳያገኛቸው በንጹሕ ፌስታል ቋጥረው ያስቀምጧቸው።