ኑረምበርግን በአንድ ቀን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሙኒክ በፈጣን ባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ በመሆኑ፣ ብዙዎች ኑረምበርግ ጠዋት ገብተው ማታ ይመለሳሉ። ከአገር ቤት የሚመጡትንም ሆነ በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩትን ወገኖች ሳስጎበኝ የሚደጋገሙብኝን ስህተቶች ከዚህ በታች ጽፌያለሁ። ቀኖቹና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ቀኑን በሙሉ በአሮጌው ከተማ መጨረስ ነው። እንግዳው በቅጥሩ በር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን፣ የገበያውን አደባባይና ከኮረብታው ላይ ያለውን የነገሥታት ግንብ ሲያይ ይውልና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለ ጦርነቱ ዘመን ቦታዎች ይጠይቃል። እነዚህ ቦታዎች ግን ተቀራራቢ አይደሉም፤ የናዚ ፓርቲ ጉባኤውን ያካሂድበት የነበረው ሜዳ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በደቡብ ምሥራቅ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ከጦርነቱ በኋላ የናዚ መሪዎች የተዳኙበት የፍርድ ቤት ሕንፃ ደግሞ በተቃራኒው በምዕራብ በኩል ይገኛል። ሙዚየሞቹ የመዝጊያ ሰዓት አላቸው፤ የአሮጌው ከተማ መንገዶች ግን የላቸውም። ስለዚህ ከሩቁ ይጀምሩ።

ሁለተኛው ስህተት አሮጌው ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እንዳለ የቆየ መስሎ መታየቱ ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 1945 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ባወረዱት ቦምብ ከአሮጌው ከተማ 90 በመቶ ያህሉ ፈርሷል። ዛሬ የሚያዩት በአብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ የመንገዶቹን የቀድሞ መስመር ተከትሎ እንደገና የተሠራ ነው። ይህን ለመረዳት ከግንቡ ሥር በዓለት ውስጥ የተፈለፈለውን የጥበብ ሥራዎች መሸሸጊያ ማየት ይረዳል፤ ናዚዎች ከፖላንዷ ክራኮቭ ዘርፈው ያመጡት የቀራጺው የፋይት ሽቶስ ታላቅ የመሠዊያ ቅርጽ የተደበቀው እዚያ ነበር። የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

አሁን ዝም ብዬ ላልፈው ወደማልችለው ስህተት ልምጣ። በጉባኤው ቦታ፣ የሂትለር አርክቴክት አልበርት ሽፔር በነደፈው የዘፔሊን ሜዳ የድንጋይ መድረክ ላይ፣ ሂትለር ቆሞ ይናገርበት በነበረው ቦታ፣ እየሳቁ ፎቶ የሚነሡ፣ አልፎም ክንዳቸውን ዘርግተው የናዚን ሰላምታ የሚያሳዩ ጎብኚዎች አሉ። አብሮኝ የመጣ አንድ ወጣት «ለቀልድ ነው» ብሎ ክንዱን ሲያነሣ በአጠገባችን ያልፉ የነበሩ አንድ ጀርመናዊ አዛውንት ቆሙ፤ ፎቶው ከስልኩ እስኪጠፋ ድረስም ከአጠገባችን አልተንቀሳቀሱም። በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ መሠረት ይህ ድርጊት በገንዘብ ወይም እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል፤ በ2017 በርሊን ውስጥ በፓርላማው ሕንፃ ፊት ይህንኑ ሲያደርጉ የተገኙ ሁለት ቻይናውያን ቱሪስቶች በፖሊስ ተይዘዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ሕጉ መጣሱ አይደለም። አይሁድን ከዜግነት መብት ያወጡት ሕጎች የታወጁት በዚህችው ከተማ በ1935 ጉባኤ ወቅት ነው። በኖቬምበር 1941 ከከተማዋና ከአካባቢው የተሰበሰቡ 1,000 ያህል አይሁድ ወደ ሪጋ የተጋዙት፣ ለጉባኤተኞች ተብሎ ከተሠራው የሜርትስፌልድ ባቡር ጣቢያ ነው። ለጉባኤው ቦታ ግንባታ የታሰበውን ግራናይት እንደ ፍሎሰንቡርግ ባሉ ማጎሪያ ካምፖች እስረኞች ፈልጠዋል፤ ብዙዎቹም በዚያው ሥራ አልቀዋል። መድረኩ ላይ መውጣት አልተከለከለም፤ ወጥተው ሜዳውን ማየትም ይጠቅማል። የሚወጣ ሰው ግን መቃብር ቦታ እንደገባ ሰው ይሁን።

በፍርድ ቤቱ ሕንፃ የሚሠራው ስህተት ሌላ ነው። ጎብኚዎች ወደ 600 ቁጥር ችሎት ገብተው በአሮጌ ፎቶግራፍ ያዩትን ሰፊ አዳራሽ ሲያጡ ቅር ብሏቸው ይወጣሉ። አዳራሹ ለችሎቱ ሲባል ግድግዳው ተነሥቶ ሰፍቶ ነበር፤ በኋላ ወደ ቀድሞ ስፋቱ ተመልሷል። ትርጉም ያለው ጉብኝት ከላይኛው ፎቅ ካለው ኤግዚቢሽን ይጀምራል፤ ከኖቬምበር 20 ቀን 1945 እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 1946 የተካሄደውን የክርክር ሂደት፣ በአራት ቋንቋዎች በአንድ ጊዜ እንዴት ይተረጎም እንደነበር፣ 12 ተከሳሾች ሞት ሲፈረድባቸው ሦስቱ ለምን ነፃ እንደወጡ እዚያ ይረዳሉ። ኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ነገር ሳያውቁ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ፦ ችሎቱን ያቋቋመውን የለንደን ስምምነት ከፈራሚዎቹ አራት ኃያላን ቀጥለው ከተቀበሉት 19 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሆኖም እንደ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉት በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ግፍ እንዲህ ካለ ዓለም አቀፍ ችሎት ፊት አልቀረቡም።

ማክሰኞ አይምጡ፤ የችሎቱ ሙዚየም ዝግ ነው። ወደዚያ የሚወስድዎ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ኡ1 ሲሆን የሚወርዱት ቤረንሻንትሰ ላይ ነው።

በበጋቸው ወራት ከመምጣትዎ በፊት በዘፔሊን ሜዳ ዙሪያ የመኪና ውድድር ወይም ትልቅ የሙዚቃ ድግስ አለመኖሩን ያጣሩ፤ በእነዚያ ቀናት አካባቢው ይታጠራል።

ከልጆች ጋር ከሆኑ በአቅራቢያው ስላለው ዚልበርዜ ሐይቅ ይጠንቀቁ። ይህ 400,000 ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ ላልተጠናቀቀው ስታዲየም የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት የተፈጠረ ሲሆን፣ ውሃው የተመረዘ ስለሆነ መዋኘት ክልክል ነው።