በባትሪ የሚበር የሪሞት አውሮፕላን እንዴት እንደሚሠራ

የመጀመሪያው አውሮፕላኔ አየር ላይ የቆየው አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆርጬ፣ ለጥፌ፣ ቀለም ቀብቼ ነበር የሠራሁት። ወረወርኩት። ወደ ግራ አዘነበለ። ወደ ቀኝ ልመልሰው ስቲኩን ገፋ አደረግኩ፤ ብሶበት ወደ ግራ ተጠመዘዘ። ደንግጬ እስከ ጥጉ ገፋሁት። ከዚያማ አፍንጫውን መሬት ውስጥ ቀበረ። ቤት ወስጄ ስፈትሸው ራደሩ፣ ማለትም ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራቱ ክፍል፣ በተገላቢጦሽ ነበር የሚሠራው፤ ቀኝ ሲሉት ግራ። ሪሞቱ ላይ አንድ ሴቲንግ መገልበጥ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ፣ ብዙም ሰብሬያለሁ። ከወደቁብኝ ውስጥ አብዛኞቹ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳሉ ያለቀላቸው ነበሩ። ስለዚህ መቁረጡንና መለጠፉን ቶሎ ቶሎ እንለፈውና ሚዛኑና ሴቲንጉ ላይ እንቆይ።

ምን ዓይነቱን እንሥራ?

ተዋጊ ጄት የሚመስለው ያምራል። ለጀማሪ ግን አይሆንም፤ ፈጣን ነው፣ ስህተት አይምርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ክንፉ ከቦዲው በላይ የተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ የሚበር፣ የክንፉ ጫፎች ወደ ላይ ቀና ያሉ ይሁን። እንዲህ ያለው ሲያዘነብል በራሱ የመመለስ ጠባይ አለው። መቆጣጠሪያውም ሦስት ብቻ ይበቃዋል፦ ሞተሩ፣ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኤሌቬተር፣ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ራደር። ክንፍ ላይ የሚገጠመው ኤሌሮን ለሁለተኛው አውሮፕላን ይቆይ።

ልኬቱ ይኸው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር፣ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ወርዱ 18 ሳንቲ ሜትር። ቦዲው 75 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። አግዳሚው ጅራት 40 በ9፣ ከዚህ ውስጥ የኋላው 3 ሳንቲ ሜትር ኤሌቬተር ነው። ቋሚው ጅራት ቁመቱ 16፣ ወርዱ 12፤ የኋላው 5 ሳንቲ ሜትር ራደር ይሆናል። ሁሉ ተሟልቶ ከ500 እስከ 600 ግራም ቢመዝን ደስ የሚል በረራ ይኖረዋል።

ዕቃዎቹ

- 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በሁለቱም ወገን ወረቀት የተለጠፈበት ፎም ቦርድ፣ ካተር፣ ረጅም ማስመሪያ፣ የሙጫ ሽጉጥ
- ብራሽለስ ሞተር፣ መጠኑ 2212፣ 1000 ኬቪ
- የ30 አምፔር ኢኤስሲ፤ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሰሌዳ ነው
- ባለ 3 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ፣ 11.1 ቮልት፣ 1300 ሚሊ አምፔር ሰዓት
- ባለ 9 ግራም ሁለት ሰርቮዎች፤ ኤሌቬተሩንና ራደሩን የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው
- 9 በ4.7 ፕሮፔለር፤ ሁለት ሦስት ትርፍ ይኑራችሁ፣ መሰበሩ አይቀርም
- ቢያንስ ባለ 4 ቻናል፣ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ሪሞት ከነሪሲቨሩ፤ ሪሲቨሩ አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ነው

ኬቪ ሲባል ኪሎ ቮልት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ሞተሩ ምንም ሳይሸከም ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው የሚናገረው። 1000 ኬቪ በ11.1 ቮልት ሲባዛ በደቂቃ 11,100 ዙር ይመጣል። ፕሮፔለር ሲገጠምለት ከዚያ ይወርዳል። የፕሮፔለሩ የመጀመሪያ ቁጥር ርዝመቱ በኢንች ነው። ሁለተኛው ደግሞ አየሩ ባይንሸራተት ኖሮ በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት ነው። ረጅም ፕሮፔለር ስለገጠማችሁ ብቻ የተሻለ አይበርም፤ ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ኢኤስሲውም ሊቃጠል ይችላል።

ክንፉን መሥራት

50 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ግማሾች ቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ ከፊት ጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ቦይ አውጡና የ4 ሚሊ ሜትር ካርቦን ዘንግ ወይም ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ ቅበሩበት። ክንፉ እንዳይታጠፍ የሚያደርገው ይህ ነው። ከዚያ 9 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሌላ ፎም በፊተኛው ግማሽ ላይ ከላይ ደርቡ። ክንፉ መሃል ላይ ደረጃ ያለው ይመስላል። አይገርማችሁ፤ ክላይን እና ፎግልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት ቅርፅ ነው፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ቀርፋፋ አውሮፕላን ሸጋ አድርጎ ይሠራል። የፊት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጉት።

ሁለቱን ግማሾች ስታገናኙ አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፤ የሌላውን ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል በመጽሐፍ ከፍ አድርጉ። በዚያው እንዳለ ሙጫ አድርጉና መሃሉን ሰፊ ቪ ሆኖ በተቆረጠ ኮምፔንሳቶና ክር ባለው ፕላስተር አጠንክሩ። ሙጫው ሳይደርቅ ያነሳው ሰው ክንፉ ጠምሞ ያገኘዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ቦዲና ጅራት

ቦዲው ሳጥን ነው። ከፊት 6 በ8 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ኋላ እየቀጠነ የሚሄድ። ክንፉ የሚያርፍበትን ወለል ስትቆርጡ የፊቱን ከኋላው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። ክንፉ ከአግዳሚው ጅራት ጋር ሲነጻጸር ወደ 2 ዲግሪ ቀና ይላል ማለት ነው። ክንፉን ግን አትለጥፉት፤ በላስቲክ እሰሩት። ሲወድቅ ላስቲኩ ይፈናጠራል፣ ክንፉ ይተርፋል።

ኤሌቬተሩንና ራደሩን ለማጠፍ የፎሙን አንድ ወገን ወረቀት ቁረጡ፣ ሌላውን ተዉት። ያልተቆረጠው ወረቀት ማጠፊያ ይሆናል። የተቆረጠውን በኩል በ45 ዲግሪ ሸርፉት፤ አለዚያ ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው የሚታጠፈው።

ጅራቱን ከመለጠፋችሁ በፊት ክንፉን እሰሩና በክር ለኩ። ከግራው የክንፍ ጫፍ እስከ አግዳሚው ጅራት ግራ ጫፍ ያለው ርቀት ከቀኙ ጋር እኩል መሆን አለበት። 5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ አስተካክሉት። ከኋላ ራቅ ብላችሁም እዩ፤ የጠመመ ጅራት ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሞተሩ

ሞተሩ የሚታሰርበት ኮምፔንሳቶ አፍንጫው ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ፍጹም ቀጥ ብሎ ወደፊት አይመለከትም፤ ወደ ታች 3 ዲግሪ፣ ከኋላ ስናየው ደግሞ ወደ ቀኝ 2 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ብሎኖቹ ሥር ሮንዴላ በመጨመር ይስተካከላል። ክንፉ ከላይ ስለሆነ ጋዝ ሲሰጠው አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፤ የፕሮፔለሩ ዙርም ወደ ግራ ይጎትተዋል። ይህችን ዘንበል ብትዘሉ አውሮፕላኑ ይበራል፤ ግን ጋዝ በጨመራችሁ ቁጥር ስትታገሉት ትውላላችሁ።

ገመዱና ሪሞቱ

ፕሮፔለሩ ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው ፍተሻ ድረስ አይገጠምም። አንዴ ጣቴን ለጥቂት አምልጦኛል። ትንሽ ይመስላል እንጂ ቢላ ነው።

የሞተሩ ሦስት ገመዶች ከኢኤስሲው ሦስት ገመዶች ጋር ይገናኛሉ። ወፍራሞቹ ቀይና ጥቁር ወደ ባትሪ ሶኬቱ ይበየዳሉ፤ ቀዩ ፖዘቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ኢኤስሲው ወዲያው ይጨሳል። ቀጭኗ ባለ ሦስት ክር ገመድ ሪሲቨሩ ላይ የስሮትል (የጋዝ) ቻናል ውስጥ ትገባለች። በእሷ በኩል 5 ቮልት ስለሚመጣ ሪሲቨሩና ሰርቮዎቹ ሌላ ባትሪ አይፈልጉም። የራደሩን ሰርቮ ኤሌሮን ተብሎ በተጻፈው ቻናል ላይ ሰኩት። በአብዛኛው ሪሞት ላይ በቀኝ እጅ ታዞራላችሁ፤ በኋላ ኤሌሮን ሲመጣ እጃችሁ አይደናገርም።

ሪሲቨሩን ከሪሞቱ ጋር ባይንድ ካደረጋችሁ፣ ማለትም ካስተዋወቃችሁ በኋላ ይህን ቅደም ተከተል አትልቀቁ፦ ሁልጊዜ መጀመሪያ ሪሞት፣ ቀጥሎ ባትሪ። ሲጠፋ ተቃራኒው፤ መጀመሪያ ባትሪ ይነቀላል።

ኢኤስሲው ስሮትሉ ከየት እስከ የት እንደሆነ መማር አለበት። ስቲኩን እስከ ላይ ከፍ አድርጉና ባትሪውን ሰኩ። ጢጥ ጢጥ ሲል ወደ ታች አውርዱት። አሁን ቀስ ብላችሁ ጋዝ ስጡና ሞተሩ ወዴት እንደሚዞር እዩ፤ ከኋላ ሲታይ እንደ ሰዓት እጅ መዞር አለበት። ከተገለበጠ ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን አቀያይሩ። የትኞቹም ቢሆኑ ለውጥ የለውም።

ሌላው ፌልሴፍ ነው። ሲግናል ሲጠፋ ሞተሩ እንዲጠፋ አዘጋጁት። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ሪሞቱን አጥፉ። ሞተሩ ካልቆመ አትውጡ።

ሰርቮና ቀንድ

ሰርቮውን ከማሰራችሁ በፊት ሪሞቱን ከፍታችሁ ትሪሙን ሁሉ ዜሮ ላይ አድርጉ፤ ትሪም ስቲኩ መሃል ላይ ሳለ ኤሌቬተሩና ራደሩ የሚቆሙበትን ቦታ በጥቂቱ የሚያስተካክለው ነው። የሰርቮው ክንድ፣ ከእሱ ወደ ኤሌቬተሩ ወይም ወደ ራደሩ ከሚሄደው ገፊ ሽቦ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሆን ግጠሙት። ኤሌቬተሩና ራደሩ ላይ የሚለጠፈው፣ ሽቦው የሚያያዝበት ቀንድ ቀዳዳዎቹ ልክ ከማጠፊያው መስመር በላይ ይዋሉ። ሽቦው ከሰርቮው ክንድ ወደ ውስጥ ባለው ቀዳዳ፣ ከቀንዱ ደግሞ ወደ ውጭ ባለው ቀዳዳ ሲገባ እንቅስቃሴው ያንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ለጀማሪ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ኤሌቬተሩ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ሚሊ ሜትር፣ ራደሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም 25 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ሪሞታችሁ ኤክስፖ የሚባለው ካለው 30 በመቶ ስጡት፤ ስቲኩ መሃል አካባቢ ለስለስ ይላል።

ሽቦው ረጅምና ቀጭን ከሆነ በእጃችሁ ኤሌቬተሩን ጫን በሉት። ሽቦው እንደ ቀስት ከጎበጠ አየርም ያጎብጠዋል። መሃሉን በፕላስቲክ ቱቦ ያዙት።

አሁን የእኔ ጉድ የተሠራበት ቦታ ደረስን። ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ፤ አፍንጫው ከእናንተ ይራቅ። ስቲኩን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ መነሣት አለበት። ወደ ቀኝ ግፉ፤ የራደሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። የተገለበጠ ካለ ሪሞቱ ላይ ሪቨርስ የሚለውን ቀይሩ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ከመወርወሬ በፊት ጮክ ብዬ እላለሁ፦ «ሳብ፣ ላይ። ቀኝ፣ ቀኝ።» አጠገቤ ያለ ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ።

ሚዛኑ

ባትሪውን ጨምሮ ሁሉም ነገር በቦታው ይሁን፤ ፕሮፔለሩም አሁን ይገጠም፣ ባትሪው ግን ሳይሰካ። የፕሮፔለሩ ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደፊት ይመለከታል። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ለኩና ከሥር በሁለቱም በኩል በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። ሁለት ጠቋሚ ጣቶቻችሁን ነጥቦቹ ላይ አድርጋችሁ አንሡት። አግድም ከቆመ ወይም አፍንጫው በትንሹ ካዘነበለ ጨርሳችኋል። ጅራቱ ከወረደ ባትሪውን ወደፊት ግፉት። ለዚህ ነው የባትሪው ክፍል ውስጥ ረጅም ቬልክሮ መለጠፍ የሚሻለው። ባትሪው ሄዶ ሄዶ አፍንጫው ጋ ከደረሰና አሁንም ካልበቃ እንጂ ሌላ ክብደት አትጨምሩ።

ነጥቦቹ ያሉበት ቦታ ከክንፉ ወርድ 28 በመቶ ገደማ ላይ ነው። አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን ሰነፍ ይሆናል፣ ኤሌቬተር ይለምናል፤ ግን ይበራል። ጅራቱ የከበደ ግን አብዷል። ትንሽ ስትነኩት ይነሣል፣ ፍጥነቱን ይጨርሳል፣ ይዘረገፋል። እስክትመልሱት ጊዜ አይሰጣችሁም።

ባትሪው

ሊፖ ቀልድ አያውቅም። ሴሎቹን እኩል በሚሞላው በባላንስ ቻርጀር ብቻ ይሞላል። 1300 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆነ በ1.3 አምፔር ሙሉት። ሲሞላ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ይሆናል። የማይቀጣጠል ነገር ላይ አስቀምጡ፣ ትታችሁት አትውጡ። ያበጠ ካለ አትሞክሩት። በበረራ ጊዜ 20 በመቶው ሳያልቅ አውርዱ። ሞተሩ በአማካይ 6 አምፔር ቢስብ ከዚህ ባትሪ ወደ 10 ደቂቃ ታገኛላችሁ። ለመጀመሪያ ቀን ግን ሰዓቱን 5 ደቂቃ ላይ ሙሉት።

ማብረር

ሰው፣ መንገድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የአየር ማረፊያ የሌለበት ሰፊ ሣራማ ሜዳ ፈልጉ። ያላችሁበት ቦታ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ። ነፋስ ሳይነሣ ማለዳ ጥሩ ነው። ሪሞቱ የርቀት መሞከሪያ ካለው 30 እርምጃ ርቃችሁ ሞክሩት።

መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሱ፣ ረጅም ሣር ባለበት፣ አፍንጫውን አግድም ይዛችሁ ወደ ነፋሱ በዝግታ ወርውሩት። ቀጥ ብሎ ተንሸራቶ ካረፈ እሰየው። ተነሥቶ ከተዘረገፈ ባትሪውን ወደፊት። አፍንጫውን ከደፋ ትንሽ ኤሌቬተር ወደ ላይ።

ከዚያ ሦስት አራተኛ ጋዝ ስጡና ወደ ነፋሱ ወርውሩት፤ ወደ ሰማይ አይደለም፣ አግድም። ቢቻል የሚወረውርላችሁ ሰው ይኑር፤ ሁለቱም አውራ ጣቶቻችሁ ስቲኩ ላይ ይሆናሉ። 40 ወይም 50 ሜትር ያህል እስኪወጣ ድረስ አትዙሩ። ከዚያ ጋዙን ቀንሱ። ወደ አንድ ጎን ከሳበ በትሪም አስተካክሉ።

ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ ይገለበጣል፤ ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ይደናበራል። ዘዴው ይህ ነው፦ ወደ ታች ያዘነበለው ክንፍ በየት በኩል እንዳለ እዩና ስቲኩን ወደዚያው ግፉ። ክንፉን ከሥር እንደ መደገፍ ነው።

ስታወርዱ ከሩቅ ጀምሩ፤ ወደ ነፋሱ፣ ጋዝ እየቀነሳችሁ። መሬት ሊነካ አንድ ሜትር ሲቀረው ጋዙን አጥፉና ኤሌቬተሩን በጥቂቱ ሳብ አድርጉ።

እንዳረፈ ባትሪውን ንቀሉ፤ ሪሞቱን ግን ገና አታጥፉ። ኤሌቬተሩና ራደሩ በትሪሙ ምክንያት የት እንደቆሙ ምልክት አድርጉ። ትሪሙን ወደ ዜሮ መልሱና ያው ምልክት ላይ እስኪመጡ ድረስ ሽቦውን አስረዝሙ ወይም አሳጥሩ። ባትሪውን በቀናት ውስጥ የማትጠቀሙበት ከሆነ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት።