የቪክቶሪያ ዘመን ልብወለዶችን ስናነብ ስለ ጋብቻና ሕግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፉ የእንግሊዝ ልብወለዶችን ስናነብ በባለታሪኳ ላይ ቶሎ እንፈርዳለን። «ለምን ጥላው አትሄድም? ገንዘቧን ይዛ ለምን አትወጣም?» እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጠባይዋ ሳይሆን ከሕጉ ነው። ሕጉን ሳያውቁ «ደካማ ናት» ብሎ መደምደም እነዚያን ሴቶች ዳግመኛ መበደል ይመስለኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያገባች ሴት የራሷ ገንዘብ አላት ብሎ ማሰብ

ለእኛ አንባቢ ይህ ስህተት በጣም ቅርብ ነው። በሰማንያ የተጋቡ ሲለያዩ ሴቲቱ ይዛ የመጣችውን ይዛ እንደምትወጣ፣ አብረው ያፈሩትንም እንደሚካፈሉ እየሰማን አድገናል። ኮመን ሎው በሚባለው፣ በፍርድ ቤቶች ውሳኔ በዳበረው የእንግሊዝ ነባር ሕግ ግን ሴት ስታገባ ሕጋዊ ሰውነቷ ባሏ ውስጥ ይጠፋ ነበር። ጥሬ ገንዘቧ፣ ጌጧና የላቧ ዋጋ የባሏ ይሆናል፤ የመሬቷንም ገቢ የሚሰበስበው እሱ ነው። በራሷ ስም መዋዋልም ሆነ መክሰስ አትችልም።

በአን ብሮንቴ «ዘ ቴናንት ኦፍ ዋይልድፌል ሆል» (1848) ውስጥ ሄለን ሥዕል እየሸጠች ለመኖር አስባ ልጇን ይዛ ከሰካራም ባሏ ለማምለጥ ትዘጋጃለች። ባሏ ይደርስባትና ቀለሟን፣ ብሩሿን፣ ያላትን የሥዕል ዕቃ ሁሉ እሳት ውስጥ ይጨምራል። ጭካኔው ለማንም ይታያል። ለማየት የሚከብደው ግን በሕጉ ዓይን ሰውየው ያቃጠለው የራሱን ንብረት መሆኑ ነው። በኋላ ስታመልጥም በሌላ ስም ተደብቃ የምትኖረው ለዚህ ነው፤ ካገኛት ልጁንም ከሥዕል ያገኘችውንም ሊወስድባት ይችላል።

ሚስቶች ሁሉ እኩል ባዶ እጃቸውን ነበሩ ማለት

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ስህተት ነው። ኢኩዊቲ የሚባል ሌላ የፍርድ ሥርዓት ስለነበር፣ ሀብታም ቤተሰቦች ከሠርጉ በፊት ውል አዋውለው የልጃቸውን ንብረት በባለአደራዎች እጅ ያስቀምጡላት ነበር። የዊልኪ ኮሊንስን «ዘ ውማን ኢን ኋይት» የሚያነቡ ብዙዎች ጠበቃው ጊልሞር ስለ ላውራ የጋብቻ ውል የሚከራከርበትን ክፍል አሰልቺ ነው ብለው ይዘሉታል። እባካችሁ አትዝለሉት። ላውራ ልጅ ሳትወልድ ከሞተች 20,000 ፓውንድ ለባሏ እንዲሆን የሚለውን አንቀጽ ጠበቃው ይቃወማል፤ አሳዳጊዋ አጎት ግን ራሱን ላለማድከም ብሎ ይስማማል። ዋናው ወንጀል የሚነሳው ከዚያች አንቀጽ ነው።

መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት የታሪኩ ዓመት ማድረግ

የጆርጅ ኤሊየት «ሚድልማርች» መታተም የጀመረው በ1871 ነው፤ ሚስቶች በሥራ ያገኙት ደመወዝ የራሳቸው እንዲሆን የፈቀደው ሕግ በወጣ በዓመቱ። ታሪኩ ግን የሚፈጸመው በ1829 እና በ1832 መካከል ስለሆነ ያ ሕግ ለባለታሪኮቹ አይደርስላቸውም። የሄለን ታሪክም ወደ 1820ዎቹ ይመለሳል። ደራሲዋ ካሮላይን ኖርተን ባሏ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወስዶባት ባደረገችው ትግል፣ እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን ለማሳደግ ፍርድ ቤት እንድትጠይቅ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1839 ነው። ሚስት ንብረቷን ሙሉ በሙሉ በእጇ እንድታደርግ የፈቀደው ደግሞ በ1882 ወጥቶ ከ1883 መግቢያ ጀምሮ ሠራ።

ከ1857 በኋላ ፍቺ ለሁሉም እኩል ተከፈተ ብሎ ማመን

ከዚያ በፊት ተፋትቶ ሌላ ለማግባት ፓርላማው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሕግ ማውጣት ነበረበት። በዲከንስ «ሃርድ ታይምስ» ውስጥ ሸማኔው ስቲቨን ብላክፑል መንገዱ ከ1,000 እስከ 1,500 ፓውንድ፣ ምናልባትም እጥፉን እንደሚያስወጣ ይነገረዋል። በ1857 የወጣው ሕግ ጉዳዩን ለንደን ወዳለ ፍርድ ቤት አዛወረው። ባል የሚስቱን መወስለት ካስረዳ በቂው ነበር፤ ሚስት ግን በመወስለቱ ላይ ጭካኔን፣ ሁለት ዓመት ጥሎ መጥፋትን ወይም ሌላ ከባድ በደል መጨመር ነበረባት። ይህ ልዩነት እስከ 1923 ቆየ። የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» አንብበው «ሮቸስተር ያበደች ሚስቱን ለምን አይፈታም?» ለሚሉም፣ እብደት ለፍቺ ምክንያት የሆነው በ1937 በወጣው ሕግ ነው።

የወላጆች ጋብቻ ልጆችን ያድናል ብሎ መጠበቅ

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የኮሊንስ «ኖ ኔም» (1862) ነው። ሚስተር ቫንስቶን በወጣትነቱ ያገባት ሴት በሕይወት ስላለች የልጆቹን እናት በሕግ ማግባት አይችልም፤ በኑዛዜ ግን ለሁሉም ደልድሏል። የመጀመሪያ ሚስቱ መሞቷን ሲሰማ የልጆቹን እናት ወዲያው ያገባታል። ሰው ሊያደርገው የሚገባውን ማድረጉ ነበር። በ1837 በወጣው የኑዛዜ ሕግ ግን ጋብቻ ከበፊቱ የተጻፈን ኑዛዜ ያፈርሳል። አዲስ ከመጻፉ በፊት በባቡር አደጋ ይሞታል፤ እናቲቱም ትከተለዋለች። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ከጋብቻው በፊት ስለተወለዱ በሕግ የማንም ልጆች አይደሉም፤ ሀብቱ ከአባታቸው ጋር ተኳርፎ ለኖረው አጎታቸው ያልፋል። እንግሊዝ ወላጆቻቸው በኋላ ለተጋቡ ልጆች ሕጋዊ ልጅነትን የሰጠችው በ1926 ነው።

የ«ቴስ» መጨረሻ ሙሉ መጽናኛ ነው ማለት

በቶማስ ሃርዲ ልብወለድ (1891) መጨረሻ ቴስ ባሏ ኤንጀል እሷ ከሞተች በኋላ ታናሽ እህቷን ሊዛ ሉን እንዲያገባ ትለምነዋለች። እሱ የሚስቴ እህት ናት ብሎ ያመነታል፤ እሷ በማርሎት አካባቢ ሰው ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው ትለዋለች። መንደሩ ቢያደርገውም ከ1835 ጀምሮ የሞተች ሚስትን እህት ማግባት በሕግ ዋጋ የሌለው ጋብቻ ነበር፤ ክልከላው የተነሳው ልብወለዱ ከታተመ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1907 ነው።