በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የፖለን ቁጥርን አንብቦ ለአለርጂ ወቅት ቀድሞ መዘጋጀት

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ኤፕሪል ሲገባ አፍንጫው የተዘጋበት፣ ዓይኑን የሚያሳክከውና ደጋግሞ የሚያስነጥሰው ወገናችን አብዛኛውን ጊዜ «ሳይነሴ ተነሳ» ይላል። ዓይንና አፍንጫን የሚያሳክክ፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ የሚያወርድና ትኩሳት የሌለው ሕመም ግን በአብዛኛው የፖለን፣ ማለትም የዕፅዋት የአበባ ብናኝ፣ አለርጂ ነው። አለርጂ ደግሞ በአንቲባዮቲክ አይድንም። «አገር ቤት ሳለሁ እኮ ምንም አልነበረብኝም» የሚሉም ልክ ናቸው። ሰውነት የማያውቀውን ፖለን እስኪቆጣ ድረስ ጥቂት ወቅቶች ስለሚያልፉ፣ ከመጡ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ መጀመሩ የተለመደ ነው።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የትኛው ፖለን እንደሚያስቸግርዎት ነው። ስልክ ላይ «ዛሬ ከፍተኛ ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ ከፍ ያለው የእርስዎ ፖለን ላይሆን ይችላልና።

ማን መቼ ይመጣል

ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ በፌብሩዋሪ፣ ሲዳር፣ ኤልምና ሜፕል የሚባሉት ዛፎች ይጀምራሉ። እዚህ ቀይ ሲዳር የሚሉት ዛፍ የአገራችን ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። ዋናው የዛፍ ወቅት ኤፕሪል ነው። በርችና ኦክ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ይበረታሉ፤ ብዙ ጊዜ ከፋሲካ ሰሞን ጋር ይገጥማል። ሣር ሜይና ጁንን ይይዛል። ራግዊድ የሚባለው አረም በኦገስት አጋማሽ ይጀምርና በእንቁጣጣሽ ሰሞን ጣሪያ ይነካል፤ የመጀመሪያው ውርጭ እስኪመታው ድረስም ይቆያል። ራግዊድና አደይ አበባ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። አደይ ግን ፖለኗን በንብና በሌሎች ነፍሳት ትልካለች፤ ራግዊድ በነፋስ ይበትነዋል፤ አፍንጫችን የሚደርሰውም ለዚህ ነው።

ሁለት ነገሮች በስህተት ይከሰሳሉ። አንደኛዋ የቼሪ አበባ ናት፤ ፖለኗን የሚያመላልሱት ነፍሳት ስለሆኑ አየር ላይ የሚበተነው እጅግ ጥቂት ነው። ኦክና በርች እርሷ ባበበችበት ሰሞን አካባቢ ስለሚነሱ ጥፋቱ በእርሷ ይላከካል። ሁለተኛው መኪና ላይ የሚነጠፈው ቢጫ ዱቄት ነው። ከዚያ ውስጥ ብዙው የፓይን ፖለን ሲሆን፣ ቅንጣቱ ትልቅ ቢሆንም አለርጂ የሚያስነሳው ከስንት አንድ ሰው ላይ ነው። የሚጎዳው በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው። ስለዚህ መኪናው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቢታመሙ አይገረሙ።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል

ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ቆጠራና ትንበያ። ቆጠራ ማለት አየር ተስቦ የተያዘው ፖለን በማይክሮስኮፕ ሲቆጠር ነው። በዚህ አካባቢ ይህን የሚሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአሜሪካ ጦር የአለርጂ ላቦራቶሪ ሲሆን፣ ውጤቱን የሚያወጣው በሥራ ቀናት ነው። የሚነገረው ቁጥር በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የነበረው የፖለን ቅንጣት ብዛት ነው። ትንበያ ግን ከአየር ሁኔታና ከዕፅዋቱ የአበባ ወቅት ተነሥቶ የሚሰጥ ግምት ነው። አብዛኛው የስልክ አፕ የሚያሳየው ይህንን ነው።

መለኪያው ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለዛፍ ከ1 እስከ 14 ዝቅተኛ፣ ከ15 እስከ 89 መካከለኛ፣ ከ90 እስከ 1499 ከፍተኛ፣ ከ1500 በላይ እጅግ ከፍተኛ ነው። ለሣር ግን 20 ሲደርስ ከፍተኛ፣ 200 ሲሆን እጅግ ከፍተኛ ይባላል። ለአረም ከፍተኛው ከ50 ይጀምራል፤ 500 ሲሆን እጅግ ከፍተኛ ነው። እንግዲህ የዛፍ 60 መካከለኛ ቀን ነው፤ የሣር 60 ግን ሣር ለሚያስቸግረው ሰው ከባድ ቀን ነው። አፖቹም የየራሳቸው መለኪያ አላቸው፤ አንዱ ከ0 እስከ 12፣ ሌላው ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። የአንዱ 4 ከሌላው 4 ጋር አይወዳደርም። አንዱን መርጠው በእርሱ ይጽኑ።

አሁን ማስታወሻ ይያዙ። ማታ ማታ አራት ነገር መጻፍ በቂ ነው፤ የዛፍ፣ የሣርና የአረም ቁጥር፤ የአፍንጫ፣ የዓይንና የደረት ሁኔታ ከ0 እስከ 3፤ ውጭ የቆዩበት ሰዓት፤ የወሰዱት መድኃኒት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማክሰኞ ጠዋት የሚወጣው ቆጠራ ያለፉት 24 ሰዓታት፣ በአብዛኛው የሰኞ አየር ነው። ስለዚህ ከሰኞ ሕመም ጎን ይጻፉት። ይህ ከተረሳ ሁሉም በአንድ ቀን ይዛነፍና ምንም ግንኙነት የሌለ ይመስላል። በትክክል ከተያዘ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ የትኛው ቁጥር ሲወጣ ሕመሙ አብሮ እንደሚወጣ መታየት ይጀምራል።

የአየሩን ጠባይም ይጨምሩበት። ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻ ቀን፣ በተለይ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን፣ መጥፎ ነው። ዝግ ያለ ዝናብ አየሩን ያጥባል። መብረቅና ነጎድጓድ ያለበት ዶፍ ግን የፖለኑን ቅንጣት ሰባብሮ ወደ ሳንባ የሚገባ ደቃቅ ያደርገዋል፤ አስም ያለበት ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ቤት ገብቶ መስኮት ይዝጋ።

መድኃኒቱ ቀድሞ ይጀመራል

የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ፣ ለምሳሌ ፍሎኔዝ፣ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ወቅትዎ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይጀምሩ። ኦክ ለሚያስቸግረው ማርች መጨረሻ፣ ለሣር ኤፕሪል መጨረሻ፣ ለራግዊድ ኦገስት መጀመሪያ ነው። የአዋቂ መጠን በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ በየአፍንጫ ቀዳዳው ሁለት ሁለት ፍንጥቂያ ነው፤ ከዚያ ወደ አንድ ሊወርድ ይችላል። «ሞክሬው አልሠራልኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ አረጫጨቱን የሳቱ ናቸው። መጀመሪያ ይናፈጡ፤ ጠርሙሱን ይነቅንቁ፤ አንገትዎን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ያድርጉ። ለግራው ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ ለቀኙ በግራ እጅ ይያዙና ጫፉን ወደ ጆሮ አቅጣጫ ያዙሩት። ወደ አፍንጫው መሐል ግድግዳ ከተረጨ ያደማል። ሲስቡ አበባ እንደሚያሸት ሰው በዝግታ ይሁን፤ ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ ከተሰማዎት በኃይል ስበውታል፤ መድኃኒቱም አፍንጫ ውስጥ አልቀረም።

ክኒን ከተጨመረ ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም ወይም ፌክሶፌናዲን 180 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል። ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም ጥሩ መድኃኒት ቢሆንም አንዳንዱን ያስተኛል። ታክሲም ሆነ ኡበር የሚነዳ ሰው እንቅልፍ የሚያመጣውን የአለርጂ መድኃኒት ቤናድሪልን ወስዶ መሪ መያዝ የለበትም። ፌክሶፌናዲን በውሃ እንጂ በብርቱካን ወይም በፖም ጭማቂ አይወሰድ፤ ጭማቂው ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። በስሙ መጨረሻ «ዲ» ያለበትን፣ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት የተጨመረበትን ክኒን ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠይቅ አይንካ። እንደ አፍሪን ያለው ወዲያው የሚከፍት ስፕሬይ ደግሞ ከ3 ቀን በላይ ከተወሰደ አፍንጫው መልሶ ይዘጋል፤ ከመጀመሪያውም ይብሳል። የልጆች መጠን የተለየ ስለሆነ የሕፃናት ሐኪም ይጠየቅ።

አፍንጫ በጨው ውሃ ማጠብም በጣም ይረዳል። አዮዲን የሌለው ጨው 3 የሻይ ማንኪያ ከ1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጋር ቀላቅለው በደረቅ ብልቃጥ ያስቀምጡ፤ ከዚህ ድብልቅ 1 የሻይ ማንኪያ ለ240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ውሃው ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ወይም ለ1 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ቢጠጣም ለአፍንጫ አይሆንም፤ አልፎ አልፎ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃና የሚገድል አሜባ ሊኖርበት ይችላል።

ቤትና መኪና

ከውጭ ሲገቡ ልብስ ይቀይሩ፤ ጸጉር ከመኝታ በፊት ይታጠብ፤ አለበለዚያ ፖለኑ ትራስ ላይ ያድራል። የታጠበ ነጠላና ጋቢ በወቅቱ ውጭ አይሰጣ፤ ሸማ ፖለን ይይዛል። ለበዓል ጉዝጓዝ ከጓሮ የታጨደ፣ ዛላ ያወጣ ሣር ቤት ማስገባት ሣር ለሚያስቸግረው ሰው ፖለኑን ሳሎን ማንጠፍ ነው። የዕጣንና የቡና ቁላት ጭስ አለርጂ ባይሆንም የተቆጣ አፍንጫንና ደረትን ያብሳል። የመስቀል ደመራ ደግሞ ገና ራግዊዱ ሳያልቅ፣ ሜዳ ላይ፣ ከጭስ ጋር ስለሚውል አስም ያለበት ሰው መንፊያውን (ኢንሄለሩን) ይዞ፣ ነፋሱ ጭሱን ከሚወስድበት አቅጣጫ ተቃራኒ ይቁም።

መኪና ውስጥ መስኮት ተዘግቶ አየሩ ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር ይደረግ። የካቢን ፊልተሩ ከ12,000 እስከ 15,000 ማይል ባለው ይቀየር፤ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ማርች ላይ መቀየር ይመረጣል። ቤት ውስጥ የማሞቂያና ማቀዝቀዣው ፊልተር መሣሪያው ከቻለው መርቭ 13 ይሁን፤ መርቭ ፊልተሩ ብናኝ የመያዝ አቅሙ የሚለካበት ደረጃ ነው።

ሐኪም ዘንድ

ደረት ሲያፍን፣ ሲተነፍሱ ሲያፏጭ ወይም ሌሊት ሳል ከእንቅልፍ ሲያስነሣ ጉዳዩ ከአፍንጫ አልፏልና አይዘግዩ። መተንፈስ ካቃተ 911 ይደወላል። ለቆዳ ምርመራ ሲቀጠሩ የአለርጂ ክኒን ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚቆም ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ሳያቆሙ ከሄዱ ቆዳው ስለማይቆጣ ውጤቱ በሐሰት ንጹሕ ይሆናል። የአለርጂ መርፌ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚወስድ ሕክምና ነው፤ መድኃኒት አልበቃ ላለው ግን ድካሙ የሚያዋጣ ነው።

ማስታወሻውን ይዘው ይሂዱ። ጥሬ ፖም ወይም ካሮት ሲበሉ አፍ የሚያሳክክ፣ ሲበስል ግን የማያሳክክ ከሆነ ይህንንም ይጻፉበት፤ የበርች አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ላይ የሚታይ ምልክት ስለሆነ ሐኪሙን ይጠቁመዋል።